ዳገቱን ወደ ጋራዥ ያስገባልን ማሽን

ባልደረባዬ እግሩን የተሰበረው የሰው መኪና ስንፈትን ነው።

ሚዛን ተፈሪ ላይ ሁለታችን የከፈትነው ጋራዥ የሚታወቀው በናፍጣ ሞተር ነበር። ከቴፒ ቡና ጭነው የሚወጡ መኪኖች ጉልበት ሲያጡ ወደ እኛ ይመጣሉ። ለሞተሩ ነዳጅ የሚረጨውን ፖምፓ ፈትተን እናስተካክልና መልሰን እንገጥመዋለን። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ግቢ ውስጥ ቆሞ ነዳጅ ሲሰጡት የማያገሳ ሞተር የለም፤ ድካሙ የሚታወቀው ሲሸከም ብቻ ነው። ስለዚህ መኪናው ላይ አሸዋ ጭነን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ዳገት እንወስደዋለን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከታች ቆሜ የጭሱን መልክ አያለሁ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በፊት ዘንቦ ነበር። ቀዩ አፈር ቅቤ የተቀባ ይመስላል። መኪናው ዳገቱን አጋምሶ ሳለ የኋላ ጎማዎቹ ከዱት፤ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ መጥቶ ቦዩ ውስጥ ገባና በጎኑ ተኛ። እየጮህኩ ሮጥኩ። በተሰበረው መስታወት ጭንቅላቱን አወጣና፣

"እግሬ ቦታው ላይ አለ?" አለኝ።

"አለ።"

"እንግዲያው አታልቅስ፤ አውጣኝ።"

እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅሁት እሱ ሲነግረኝ ነው።

እግሩ ዳነ፤ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ከዘራ ይዞ ጋራዡ በር ላይ በርጩማ አስቀምጦ ይቀመጥ ጀመር። የሚያስፈራኝ እግሩ አልነበረም፤ ዝምታው ነው። ሞተር ሲነሳ አንገቱን ቀና አድርጎ ማዳመጡን ተወ። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን፣ "ሥራውን ብተወው ይሻላል። ሱቅ ከፍቼ እቀመጣለሁ" አለኝ። ባለቤቱም ቁርጡን ነግራኝ ነበር፦ "ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ዳገት ላይ መኪና ስትፈትኑ ብሰማ ጋራዡን ራሴ ነኝ የምዘጋው።"

አልተቀየምኳትም። እኔም ዳገቱን ማየት አልፈልግም ነበር።

አዲስ አበባ በተማርኩበት ጊዜ አንድ ማሽን አይቼ ነበር፤ ዳይናሞሜትር ይባላል። መኪናው ሳይንቀሳቀስ ሞተሩን ጭነት የተሸከመ ያህል ይዞ ያስጨንቀዋል፤ ምን ያህል እንደሚጎትትም በመርፌ ያሳያል። ያን ጊዜ የሀብታም ጋራዥ ዕቃ ነው ብዬ አልፌው ነበር። አሁን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሰው አጠያይቄ አዲስ አበባ ያገለገሉ ማሽኖች የሚሸጡበት ግቢ መኖሩን ሰማሁና ተሳፍሬ ሄድኩ።

ግቢው ውስጥ ሦስት ዓይነት ነበር። አንደኛው የመኪናው ጎማዎች የሚወጡበት፣ የሚሽከረከሩ ትልልቅ በርሜሎች ያሉት ነው። ደላላው እሱን ሲያወድስ አፉ አላረፈም። "ትልቁን ውሰድ፤ ለባስም ለጭነትም ይሆንሃል" ይለኛል። እኔ ወደ ጎን ወጥቼ ለባልደረባዬ ስልክ ደወልኩለት።

"ምን ላይ ነው የሚቀመጠው?" አለኝ።

"ጉድጓድ ተቆፍሮለት።"

"እኛ ጋ? በክረምት እኛ ጋ ጉድጓድ ብትቆፍር የምታገኘው ኩሬ ነው!"

ሁለተኛው ሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚይዝ፣ ለአያያዙም በጣም የሚመች ነበር። "መብራትስ ሲጠፋ?" አለ። እሱም ቀረ። ሦስተኛው ከትንሽ በርሜል የማይበልጥ የብረት ቀፎ ነው። ውስጡ በሚሽከረከርበት ጊዜ ውሃ እየገባ ያከብደዋል፤ ውሃ ስትጨምርለት ጭነቱ ይጨምራል፣ ስትቀንስለት ይቀንሳል። ሞተር ማውረድም አያስፈልግም፤ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚሄደውን ዘንግ፣ ትራስሚሲዮኑን፣ ፈትተህ ማሽኑን በቦታው ትገጥማለህ።

ይህንንም በስልክ ነገርኩት። ከዚያ ከተጎዳ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ መጣ፤ ሳቅ ነበር። "ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው? ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከውሃ ሌላ ምን ሞልቶናል?"

በውሃ ከሚሠሩትም ትልቅና ትንሽ ነበር። ደላላው ቢቆጣም ትንሹን መረጥኩ። ለትልልቅ ሞተሮች የተሠራው በእኛ መኪኖች ላይ ቢገጠም መርፌው ከታች ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ይቆማል፤ ጆንያ በሚመዝን ሚዛን ግማሽ ኪሎ ስኳር እንደ መመዘን ነው። እኛ የምንፈልገው ትንሿን ለውጥ የሚያሳየንን ነው።

ማሽኑ ሲመጣ ባልደረባዬ ከበርጩማው ተነሳ። ወለሉን ሲሚንቶ አስደርገን በብሎን አሰርነው። ከጣሪያው የሚወርደው ዝናብ የሚጠራቀምበት ታንከር ከፍ አድርገን ሰቀልን። ከሁሉ በፊት ግን መርፌው እውነት መናገሩን ማወቅ ነበረብን። ከጎኑ በወጣው የብረት ክንድ ላይ ከቡና ነጋዴ የተዋስነውን የሚዛን ድንጋይ ስናንጠለጥል መርፌው አሳንሶ አነበበ። እሱ ከዘራውን ጥሎ በሆዱ ተኝቶ ማስተካከያውን ያዞራል፣ እኔ ድንጋዩን አወርዳለሁ፣ እሰቅላለሁ። ባለቤቱ ምሳ ይዛ መጥታ መሬት ላይ ተዘርግቶ ስታየው ደነገጠች። "ወደቅህ እንዴ?" አለችው። "ሥራ ላይ ነኝ!" ብሎ ጮኸባት። ምሳውን አስቀምጣ ፊቷን አዞረች፤ ስትስቅ ትከሻዋ ይታየኝ ነበር።

መጀመሪያ የገጠምናት አምቡላንስ ነበረች። ታላቅ እህቴ ነርስ ናት፤ በዚያች መኪና ከቆላ ቀበሌዎች ወላዶችን ታመጣለች። መኪናዋ ባዶዋን ደህና ትሮጣለች፤ ሰው ጭና ዳገት ስትጀምር ግን ጥቁር ጭስ ትለቅና ትደክማለች። እህቴ ስታመጣልን ተናዳ ነበር። "አስታማሚ እያወረድኩ በእግሩ አስኬዳለሁ። ምጥ የያዛትን ደግሞ ማውረድ አልችል!" አለችኝ። ብዙ ሰው ነክቷታል፤ ፖምፓው ሁለቴ ተፈቷል፣ የአየር ማጣሪያውም ተቀይሯል።

ሾፌሩ፣ ረጋ ያሉ አባት፣ መሪ ያዙ። መኪናዋን በደንብ አሰርናት። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ውሃውን ቀስ እያልኩ ለቀቅኩ። መርፌው ወጣ፣ ወጣ፤ ከዚያ ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ጉልበቱ ተንሸራቶ ወረደ። ጭሱ ግቢውን ሞላው። ዳገት ላይ ያለችውን መኪና ዓይናችን ሥር አቆምናት ማለት ነው።

"እንደዚህ ያዛት! ውሃውን አትንካ" አለኝ ባልደረባዬ። ኮፋኖው ክፍት ነው። ዳገት ላይ እያለች ይህን ማንም አይቶት አያውቅም፤ ኮፋኖ ከፍቶ የሚነዳ የለማ። በባትሪ እያበራ ዞራት፤ በመጨረሻ እጁን ዘርግቶ ጠራኝ። ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ መሃሉ ላይ ተጨምድዶ ተጣብቋል። ሞተሩ አየር በኃይል ሲስብ ቱቦው ይታፈናል፤ ሾፌሩ እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ተመልሶ ይነፋል። ቆማ ሲያዩዋት ምንም የሌለባት ለዚህ ነበር።

እህቴ ጎንበስ ብላ አየችና "ትንፋሽ አጥሯት ነው እንዴ!" አለች።

ቱቦውን ቀይረን እንደገና ጫንናት። መርፌው ወጥቶ እዚያው ቆመ። ጭሱ ሳሳ። የፖምፓውን ነዳጅ በጥቂቱ እየቀነስን፣ እያነበብን፣ ጭሱ እስኪጠፋ አስተካከልን። ሾፌሩ ከመሪው ሳይወርዱ "ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ፤ አሁን ሌላ መኪና ነች" አሉን።

በዚያው ሳምንት እህቴ ስልክ ደወለች። በጩኸት መሃል ነው የምታወራው። ከቆላ የመጣች ወላድ፣ ከእናቷና ከባሏ ጋር፣ ማንም ሳይወርድ ዳገቱን ወጥተው ሆስፒታል ደርሰዋል። ሕፃኗ በሰላም ተወልዳለች። "ስማ፣ እሷ ናት የምትጮኸው!" ብላ ስልኩን ወደ ሕፃኗ አዞረችው።

ስልኩን ለባልደረባዬ ሰጠሁት። ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ ሰማ። ከዚያ ስልኩን መለሰልኝና፣ ወረፋ ይጠብቅ የነበረውን የጭነት መኪና ሾፌር፣ "ና፣ አስገባት፤ የአንተን ደግሞ እንያት" አለው። ስለ ሱቁ ከዚያ በኋላ ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም።