በፊደል የጻፍኩት መንደር

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ሴንተር ልጄ ቤት ውዬ ስመለስ፣ በስልኳ ያዘዘችልኝ መኪና መጣ። ሾፌሩ መንዙማ ከፍቶ ነበርና የአገር ልጅ መሆኑን አውቄ ሰላም አልኩት። ወሎዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ስንደርስ ዳቦ መግዛት አሰኘኝና «ልጄ፣ ሁሴን ጋራዥ ጋ አንዴ ቁምልኝ» አልኩት።

«የቱ ጋራዥ ማዘር? ጂፒኤሱ ላይ የለም እኮ።»

«ከባቡሩ ፌርማታ አለፍ ብሎ፣ ጥጉ ላይ ያለው ነዋ!»

«እሱማ የጥርስ ክሊኒክ ነው። አድሬሱን ቢነግሩኝ ኢንተር አደርገው ነበር።»

ሁሴን ከሞተ፣ ጋራዡም ከፈረሰ ዓመታት አልፈዋል። እኛ የፍሮግታውን ሰፈር ነባሮች ግን ቦታውን ዛሬም በእሱ ስም ነው የምንጠራው። ልጁን አልተቀየምኩትም፤ ካርታው ያላወቀውን ስም እሱ ከየት ያምጣው? ከክሊኒኩ አጠገብ ካለው ሱቅ ዳቦዬን ገዝቼ ወደ መኪናው ስመለስ ግን ብቻዬን ሳቅኩ። ካርታ የማያውቀውን ስም ይዤ ስከራከር የመጀመሪያዬ አልነበረም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ የባቡር መካኒክ ስለነበር ፈረንሳይኛን ከእሱና ከሥራ ጓደኞቹ አፍ ለቃቅሜ ነው ያደግሁት። መናገሩ አያቅተኝም፤ መጻፉን ግን ማንም አላስተማረኝም። ክፉ ዘመን መጣና ወደ ጅቡቲ ተሰደድኩ፤ ከዚያም ስደተኛ ከሚቀበሉ የፈረንሳይ የገጠር መንደሮች ወደ አንዱ ተላክሁ። ፈረንሳይ ሲባል በሐሳቤ የሚመጣው መብራትና ሽቶ ነበር። አውቶቡሱ ጭቃ ላይ አውርዶኝ ሲሄድ የተቀበለኝ ግን የላም እበት ሽታ ነው።

መንደሩ ኮረብታ ተደግፎ የተቀመጠ ነበር። የድንጋይ ቤቶቹ ጣሪያ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል። ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሴቶች በአንድ ዘመን ልብስ ያጥቡበት የነበረ ባለ ጣሪያ ገንዳ አለ፤ በጦርነት የሞቱ ልጆቹን ስም የቀረጹበት ሐውልትም አለ። ሐውልቱ ላይ ያለው ስም እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከሚመጣው ሰው ይበዛ ነበር።

ሥራ የሰጠችኝ ማዳም ኮሌት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ላም ታረባለች፣ ፎርማጆ፣ የፈረንጁን አይብ፣ ትሠራለች። እኔ ጠዋትና ማታ አልባለሁ፤ መካከል ላይ ጓዳ ገብቼ በመደርደሪያ የተደረደሩትን ፎርማጆዎች አንድ በአንድ እየገለበጥኩ በጨው አሻለሁ። በመጀመሪያው ቀን የአሳማ ጮማ ያለበት ሾርባ ሲቀርብልኝ «አልበላም፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድም» አልኳት። በማግስቱ ምድጃው ላይ ሁለት ድስት ተጥዶ አገኘሁ፤ የአንደኛው ክዳን እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። «ባለ ክሩ ያንቺ ነው» አለችኝና ወደ ላሞቿ ወጣች። የኮሌት ደግነት እንዲህ ነበር፤ ወሬ አያውቅም።

አጎቷ ሙሴ ኦጉስት አብሮን ይበላ ነበር። እኛ ድሬዳዋ «መስዩ»ን አጣመን ፈረንሳዩን ሁሉ «ሙሴ» እያልን ስለምንጠራ፣ በእኔ አፍ «ሙሴ» ሲባል ይስቃል። ዕድሜው ከሰማንያ አልፏል። በጉልበቱ ዘመን የመንደሩን መንገድ የሚጠግን፣ ቦይ የሚጠርግ፣ መንገድ ዳር የበቀለውን አጥር የሚከረክም ሠራተኛ ስለነበር የማያውቃት ጠጠር የለችም።

በዚያ መኸር፣ ፖም ከየዛፉ ሥር ወድቆ በሚሸትበት ወር፣ ከከተማ መሬት ቀያሽ መጣ። የተበጣጠሰው ማሳ ለትራክተር እንዲመች ተቀላቅሎ ሰፋፊ ይሆናል ተባለ። ብዙ ሰው ደስ ብሎታል፤ በጠባብ ማሳ መከራውን ያየ ገበሬ ለምን ደስ አይበለው? አዲሱ ካርታ ማዘጋጃ ቤት ተለጠፈ። በላዩ ላይ አንድም የማሳ ስም የለም፤ ሁሉም ቁጥር ሆኗል።

ኮሌት ካርታውን አይታ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ላሞቿን ወደ ላይኛው መስክ የምትነዳበት መንገድ ጠፍቷል፤ የአንድ ጎረቤት ሰፊ ማሳ ውጦታል። ያለዚያ መንገድ መስኩ፣ ያለ መስኩ ደግሞ ላሞቹ አይኖሩም፤ ያለ ላሞቹ እኔም ሥራ የለኝም። መንገዱን የመንደሩ ሰው «የሙታን መንገድ» ይለዋል። ከኮረብታው ማዶ ያሉ ጥቂት ቤቶች ቤተ ክርስቲያን ስላልነበራቸው፣ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ሬሳቸውን በትከሻ ተሸክመው ያወርዱ የነበረው በዚያ ነው። ቀያሹ ግን «ወረቀት አላችሁ?» አለ። ወረቀት አልነበረም። ተቃውሞ ያለው ከአንድ ወር በኋላ በሚደረገው ስብሰባ እንዲናገር ተወሰነ።

«ወረቀቱ እዚህ ነው» አለ ሙሴ ኦጉስት ግንባሩን በጣቱ እየመታ። እጁ ግን ስለሚንቀጠቀጥ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እኔና እሱ ማሳ ለማሳ መዞር ጀመርን። እሱ በከዘራው እየጠቆመ ስሙን ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። በፈረንሳይኛ መጻፍ እንደማልችል መናገር ስላፈርኩ በራሴ ፊደል ጻፍኩት። በሦስተኛው ቀን ደብተሬን ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይኼ ምንድን ነው? ጉንዳን ነው የለቀቅሽበት?»

«የአገሬ ፊደል ነው፣ ሙሴ።»

«እስቲ ያልኩትን መልሰሽ አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ «ድገሚው» አለኝ። እሱ የሚናገረው የመጽሐፉን ፈረንሳይኛ አልነበረም፤ የመንደሩን የቆየ አነጋገር ነው። ፊደላችን ደግሞ የሰማውን ይጽፋል እንጂ አይመርጥም። «የእናቴ ድምፅ ነው» አለኝ።

እንዴት ያሉ ስሞች ነበሩ! «ፒስቫሽ» የሚባል እርጥብ መሬት አለ፤ ላም የሸናችበት ማለት ነው። የመበለቲቱ መስክ አለ። «ማልፋም» የሚባለው ድንጋያም ማሳ ትርጉሙ ክፉ ራብ ነው፤ ማን ተርቦ እንደሰየመው እሱም አያውቅም። እኔ ፈረንሳይ ውስጥ ሰው ተርቦ ያውቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያቺን ስም ስጽፍ አገሩ ትንሽ ቀረበኝ።

ሁሉም ግን አልተባበረንም። በመንደሩ ጫፍ ማዳም ሊዮንቲን የምትባል አሮጊት ነበረች፤ የትውልድ ቤቷ ከኮረብታው ማዶ ነው። ሙሴ ኦጉስት በደጇ አያልፍም። ከሠላሳ ዓመት በፊት መንገድ ሲያጸዳ የአጥሯን ሐምራዊ አበባ ከሥሩ ቆርጦባት ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ብቻዬን ሄጄ አንኳኳሁ።

«የማን ሰላይ ነሽ?» አለችኝ በሩን ገርበብ አድርጋ። «የሰው መሬት ስም ላንቺ ምን ያደርግልሻል?» ሳልመልስላት ዘጋችው።

በመጨረሻው ሳምንት የሙታንን መንገድ ራሱን ከላይ እስከ ታች ተጓዝነው። ግራና ቀኝ ያሉት ማሳዎች ስማቸው ሁሉ ከቀብር ጋር የተያያዘ ነው። አንዱ «ላ ፖዝ»፣ ማረፊያ ይባላል፤ ተሸካሚዎቹ ሳጥኑን አውርደው ትከሻ የሚቀያየሩበት። ዝቅ ብሎ ያለው «ሻፖ ባ» ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታይ ወንዶቹ ባርኔጣ የሚያወልቁበት። በሁለቱ መካከል ግን ሳማ የወረሰው ጠባብ ማሳ ነበር። ሙሴ ኦጉስት እዚያ ደርሶ ቆመ። ቆመ፣ ቆመና «አውቀው ነበር» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ባዶ ተዪው።» ባዶ ተውኩት።

ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ዝናብ ይጥላል፤ አዳራሹ እርጥብ ሱፍና ትምባሆ ይሸታል። ቀያሹ ትሑት ወጣት ነው፤ ድካም ፊቱ ላይ ይታያል። ስሜ ሲጠራ ደብተሬን ይዤ ተነሳሁ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ፣ መሬት የሌለኝም እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለ መሬታቸው ልናገር ነው የቆምኩት። እኔ ሳነብ ሙሴ ኦጉስት ካርታው አጠገብ ቆሞ ቦታውን በከዘራው ይነካል። መጀመሪያ ላይ ሳቅ ሳቅ አሉ። «ፒስቫሽ» ስል ሳቁ ገነነ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንዱ «አያቴ እንደዚህ ነበር የሚለው» አለ፣ ሌላው «የለም፣ የመበለቲቱ መስክ ከወዲህ ነው» ብሎ ተከራከረ። ከዚያ ወደ ሙታን መንገድ ገባሁ። ስሞቹ በከዘራው ሥር ተራ በተራ ሲሰለፉ ካርታው ላይ መንገድ ራሱን መሳል ጀመረ። ቀያሹ እርሳሱን አነሳ።

ማረፊያ ስል ከዘራው አንድ ቦታ ነካ። ቀጥሎ ያለው ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ። እኔም ባዶው መስመር ላይ ደረስኩ።

ማሳውን የሚረከበው ጎረቤት ተነሳ። «ይኸው እዚህ ተቋረጠ! መንገድ ቢሆን ኖሮ ይቋረጥ ነበር? የማሳ ስም ስለበዛ መንገድ አለ ማለት አይደለም።»

ኮሌት ከጎኔ ነበረች። ክንዴን ይዛ በጆሮዬ «የሆነ ነገር በይ» አለችኝ። «የጻፍሽውን ካንቺ በቀር ማን ያነበዋል?»

እውነቷን ነው። በዚያ አዳራሽ ደብተሬን የሚያነብ ሰው የለም። አንድ ቃል ብፈጥር ላሞቹም እኔም እንተርፋለን። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሙሴ ኦጉስትን አየሁት፤ እሱም ያየኛል። የእናቱን ድምፅ አንብቤለት የነበረ ሰው ነው። በዚያው አፌ አሁን የሌለውን ባነብ፣ ከዚያ በፊት ያነበብኩት ሁሉ ምን ይሆናል?

«ባዶ ነው» አልኩ። «ሙሴ ኦጉስት አላስታወሰውም።»

ኮሌት ክንዴን ለቀቀችው።

«ባዶ አይደለም» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ማዳም ሊዮንቲን ነበረች፤ ጥቁር ካፖርቷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማለች። «ሁለተኛው ማረፊያ ነው የሚባለው። የሚታረፍበት በበረዶ ወራት ብቻ ነው፣ መንገዱ ሲከብድ። እናቴን በጥር ነው የቀበርናት። ሳጥኑን እዚያ ሲያሳርፉት በረዶውን ከላዩ የጠረግሁት በዚህ እጄ ነው።» እጇን አወጣች። ጓንት አልነበራትም።

ጎረቤቱ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ቀያሹ ካርታው ላይ አንድ ቀጭን መስመር ከላይ እስከ ታች አሰመረ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ስሙን ጻፊው» አለኝ። ጻፍኩት።

ሕዝቡ ሲወጣ ሙሴ ኦጉስት ባርኔጣውን አውልቆ በዝናቡ ውስጥ ጠበቃት። «ሊዮንቲን» አለ፣ ከዚያ በላይ አልቻለም።

«መጀመሪያ አበባዬን ትከል፣» አለችው፣ «ይቅርታው ኋላ ይደርሳል።»

መንገዱ ተረፈ፤ ሌላው አልተረፈም። በሚቀጥለው ጸደይ ማሽን መጥቶ አጥሮቹን ነቀላቸው። ማልፋምም የመበለቲቱ መስክም ተቀላቅለው አንድ ሰፊ ሜዳ ሆኑ። በዚያ ሳምንት ሙሴ ኦጉስት ከቤት አልወጣም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ግን የመንደሩ አስተማሪ ከእኔ ጋር ተቀምጣ፣ እኔ ሳነብላት እሷ በፈረንሳይኛ እየገለበጠች ስሞቹን ሁሉ ለማዘጋጃ ቤቱ አስቀምጣ ነበር። ሁለት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ወንድሜ ወደ ሚኒሶታ ወሰደኝ። ስሄድ በሊዮንቲን ደጅ የተተከለው ችግኝ እስከ ጉልበቴ ደርሶ ነበር።

ይህን ሁሉ እያስታወስኩ ሰነበትኩና አንድ ነገር አሳፈረኝ። አባቴ ባቡር ሥራ ሳይገባ በፊት የጨርጨር ገበሬ ልጅ ነበር። የሰው አገር ማሳ ስም ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፤ አባቴ እረፍት ሲወጣ የሚያርሰውን፣ ጭቃውን በጫማው ይዞ የሚመጣውን መሬት ግን አንዱንም በስሙ አላውቀው። ጠይቄው አላውቅም። እሱም ከሞተ ቆይቷል።

እሑድ ጠዋት በሕይወት ላለችው ታናሽ እህቱ ደወልኩ። በኦሮምኛ ነው የምናወራው።

«አዳዳ፣ የአባቴ ማሳዎች ስማቸው ማን ማን ይባላል?»

«ምነው?» አለች። «መሬት ልትጠይቂ ነው?»

«አይደለም አዳዳ። ልጽፈው ነው።»

«ጽፈሽ ለማን ልትሰጪው?»

ልጆቼ ኦሮምኛ ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም፤ የልጅ ልጆቼ ያንንም አይሰሙ። ሙሴ ኦጉስትም ልጆቹ ከተማ ገብተው የቀሩ ሰው ነበር። ለማን እንደሆነ ሳያውቅ ነው ያን ሁሉ ጭቃ የረገጠው። «አላውቅም» አልኳት።

ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማሁ። «እንግዲያው ከወንዙ በኩል ነው የምጀምርልሽ» አለችኝ።

የመጀመሪያውን ስም ስትነግረኝ፣ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳ ሰምቼው የማላውቅ ስም ነበር። ደግማ እንድትለው ለመንኳት።