አባቴ የቆሙበት ዳርቻ

አሌክሳንድሪያ የገዛናት ቤት ጓሮዋ የሚያልቀው ወንዝ ላይ ነው። ወንዝ ስል፣ ደረቅ ሲሆን ተረማምደው የሚሻገሩት ጅረት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ግን አያድርስ። አባቴ ከወሎ በመጡ በመጀመሪያው ጸደይ የዳርቻውን ቁጥቋጦ ከነሥሩ ነቅለው ጎመን ተከሉበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር በኩራት የማስጎበኘው እኔ ነበርኩ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ዳርቻው ይናድ ጀመር። በየማለዳው ከወጥ ቤቱ ግድግዳ እስከ ገደሉ በእርምጃ እለካ ነበር። አሥራ አራት የነበረው ዘጠኝ ሲሆን እህል አልወርድ አለኝ።

«የአፈርና ውሃ ጥበቃ ቢሮውን ኮል አድርግ» አለችኝ ባለቤቴ።

«ቁጥቋጦውን ነቅላችኋል ብለው ፋይን ቢያደርጉንስ?»

«ቤቱ ሲሄድስ?»

ደወልኩ። ያነሳችው ሴት፣ እነሱ ለምክር እንጂ ለቅጣት እንደማይመጡ ነገረችኝ። አላመንኳትም።

በማግስቱ አንዲት ቦት ጫማ ያደረገች ባለሙያ ሜትር ይዛ መጣች። ሜትሯን ስትዘረጋ አባቴ በመስኮት አዩዋት። ጥፋቴ የገባኝ ያኔ ነው፤ ለምን እንደምትመጣ አልነገርኳቸውም። አገር ቤት መሬታቸው በገመድ ተለክቶ ግማሹ ለሌላ የተሰጠባቸው ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን እንደለበሱ ወጡና ጎመኑ መሐል፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሙ።

ሴትዮዋ ደነገጠችና በእንግሊዝኛ ጮኸችብኝ። «ቶሎ ይመለሱ በላቸው። የቆሙበትን አፈር ውሃው ከሥር በልቶታል።»

«አባዬ፣ ከዚያ ይምጡ!»

«አንዴ ተነሣ ተብዬ ተነሥቻለሁ። አሁን አልነሣም።»

ሄጄ ልጎትታቸው ብል የሁለታችን ክብደት ይንደዋል። አባቴን ዋሽቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ዋሸሁ።

«መሬቱ የእርስዎ ነው ትላለች። ባለመሬቱ መጥቶ የሜትሩን ጫፍ ይያዝልኝ ነው የምትለው።»

አፍጥጠው አዩኝ። ከዚያ ጎመኑን ላለመርገጥ እየተጠነቀቁ፣ ቀስ ብለው መጡና ጫፉን ያዙ።

ሴትዮዋ ዳርቻው ላይ ሥር የሚሰድ ዛፍ እንድንተክል፣ ቁጥቋጦውንም ሁለተኛ እንዳንነካ መክራን ሄደች። የቅጣት ነገር አላነሳችም።

በሦስተኛው ቀን ዘነበ። ሲያባራ ከአባቴ ጋር ወጣን። አፋፉ የለም። ጎመኑ ከነአፈሩ ታች ወርዶ ውሃው መሐል ቆሟል።

አባቴ ጎመኑን ቁልቁል እያዩ፣ «ያን ቀን ዋሽተኸኝ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባዬ።»

እጄን ይዘው ከገደሉ ወደ ኋላ ሳቡኝ።