አሜን ብዬ ያመጣሁት እርግዝና

ነገሩ የተጀመረው ከመካኒሳ አቦ ወደ ጀሞ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። ሞልቶ ነበር። በሩ አጠገብ ጎንበስ ብዬ እንደቆምኩ ረዳቱ ሆዴን አየና «ኧረ ለነፍሰ ጡሯ ቦታ ልቀቁ፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!» ብሎ ጮኸ። አንድ ወጣት ተነሣልኝ። አጠገቡ የነበሩ ነጠላ የለበሱ እናት ጠጋ ብለው አስቀመጡኝና «ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔ ነፍሰ ጡር አልነበርኩም። ከወለድኩ ስምንት ወሬ ነው፤ ልጄ እቤት ከእናቴ ጋር ናት። ግን ምን ልበል? «እማማ፣ ይሄ እኮ ባዶ ሆድ ነው» ልበላቸው? ምርቃት ይመለሳል እንዴ! «አሜን» አልኩ።

ለካ የብሎካችን ጎረቤቴ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማኛለች። እኔ ጀሞ ወርጄ ቲማቲም ስመርጥ እሷ ቀድማኝ እቤቴ ደርሳለች። አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለክሁ ወጥቼ በሩን ስከፍት እናቴ ልጄን ታቅፋ፣ ፊቷን አጥቁራ ጠበቀችኝ። እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ማርቆስ መጥታ እስካሁን እኛው ጋ ናት።

«ከእኔ ትደብቂያለሽ? ከጎረቤት ልስማ?»

«ምኑን?»

«ማርገዝሽን ነዋ!»

ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቄ የት እንደገባ እንጃ። ሆዴማ በእውነት አለ። ጠዋት ትንሽ ይረጋል፣ ማታ ተነፍቶ ይጠብቀኛል፤ ከአልጋ ስነሣ ደግሞ መሀል ለመሀል እንደ ድፎ ዳቦ ጉብ ይላል። ወገቤማ አይነሣ። እናቴ «አራስ ሳለሽ መቀነቱን አላላሽው እንጂ ይገጥም ነበር» ትላለች። ጎረቤቴ «ስፖርት ነው የሚያጠፋው» ብላ ስልኳ ላይ ያሳየችኝን፣ በጀርባዬ እየተጋደምኩ እየተነሣሁ ስሠራ ከርሜያለሁ፤ በሠራሁ ቁጥር ይብሳል። አሁን ደግሞ ሌላ መልስ መጣ፦ ሆዴ ውስጥ ሰው አለ። የወር አበባዬ ከወለድኩ ወዲህ አልመጣም። ስለማጠባ ነው እል ነበር። ባይሆንስ?

ባሌ ማታ ሲገባ ሰማ። «እና… ነሽ እንዴ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ ምኑን ላውቅ!» ብዬ ጮኽኩበት። የገዛ ሆዴን ጎረቤት ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

ፋርማሲ ሄደሽ አታረጋግጪም ነበር ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ፈራኋ! ነሽ ከተባልኩ ልጄን ጡት ላስጥላት ነው። እናቴ ግን የማንንም ማረጋገጫ አልጠበቀችም። «የእርጉዝ ጡት ልጅ ያከሳል» አለች፤ እሷም ከእናቷ የሰማችው ይሄንኑ ነው። ልጄ ደግሞ ጡት ነፍሷ ነው። ጡጦ ስታይ ፊቷን ታዞራለች፣ ገንፎውን ትተፋለች። በነጋታው ጠዋት እናቴ ብሎኩ ሥር ከተተከለው እሬት ቆርጣ መጣች።

«አንዴ ከቀመሰችው ትተዋለች። ለእሷው ብለን ነው።»

ለእሷው ከሆነ እንዴት እምቢ እላለሁ? እንዴትስ እሺ እላለሁ? እንዲሁ ግራ እንደገባኝ እናቴ ያንን መራራ ነገር ጡቴን ቀባችኝ። ልጄ እየሳቀች መጣች፣ አፏን ከፍታ ያዘች፣ ፊቷ ተጨማደደ። አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝ ብቻ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ጫማዬን እንኳ በወጉ ሳላጠልቅ ደረጃውን ወረድኩ።

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ካለ ክሊኒክ ገብቼ ሽንቴን ሰጠሁ። ነርሷ ተመልሳ «የለም፣ አላረገዝሽም» አለችኝ። እፎይ ልበል ወይስ ልናደድ፣ እሱም ጠፋኝ። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ሆዴን ይዤ ስጠይቃት ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወሰደችኝ።

ባለሙያዋ በጀርባዬ አስተኝታ ጉልበቴን አሳጠፈችኝና «ጭንቅላትሽን ብቻ ቀና አድርጊ» አለችኝ። ጣቶቿ ከእምብርቴ በላይ መሀል ላይ ስምጥ አሉ። ክው አልኩ።

«ግራና ቀኝ ያሉት የሆድሽ ጡንቻዎች በእርግዝናው ተራርቀዋል። መሀሉ ስለላላ ነው የሚገፋው» አለች። መቀነቱ ደገፍ ያደርግ እንደሆን እንጂ አያገጣጥመውም፤ የስልኩን ስፖርት ደግሞ ለጊዜው ተይው አለችኝ።

«እና ምን ላድርግ?»

«መተንፈስ።»

መተንፈስ! እስከዛሬ ምን ስሠራ ነበር? ቢሆንም አስተማረችኝ፦ አየር ቀስ ብሎ እያስወጡ እምብርትን ወደ ውስጥ መሳብ፤ ከአልጋ በጎን ዞሮ በክንድ ተደግፎ መነሣት፤ ልጅ ሲያነሡም ትንፋሽ አለማፈን። ወራት ይፈጃል አለች። ይገጥማል ወይ ስላት «ይሻሻላል» አለች እንጂ ይገጥማል አላለችም። ስለ ጡቱ ስጠይቃት ግን «አጥቢያት እንጂ! ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ተቆጣችኝ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «የለም፣ እማዬ። ጡንቻ ነው» አልኳት። ነገሩ እንዳልገባት ፊቷ ያስታውቃል፤ እኔም ገና በደንብ አልገባኝም። ሌላ ነገር ግን ገብቷታል፤ ውሃ አሞቀች። ጡቴን በፎጣ እያጠበች፣ ጣቷን እየላሰች ትቀምሳለች። «አሁንም ይመራል» ትልና ደግማ ታጥባለች።

በጎን ተኝቼ ልጄን አስጠጋኋት። አሸተተችና ፊቷን አዞረች። «ምንም የለበትም፣ የኔ ልጅ» አልኳት፤ ጠዋትም እንዲህ ብያት ቢሆን ታምነኝ ነበር። እናቴ ከኋላችን ቆማ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች። ቆይቶ ረሀቡ አሸነፋትና አፏን ከፍታ ያዘች። ወዲያው በሁለቱ ጥርሶቿ ነከሰችኝ፣ ለቀቀችኝ፣ ቀና ብላ እንደ ጠዋቱ አየችኝ።

«ንከሺ፣ የኔ እናት» አልኳት እንባዬ እየወረደ። «ደህና አድርገሽ ንከሺኝ።»

ደግማ ያዘች። አሁን አልነከሰችም።