ሙቁ ጥግ

እትዬ ፒልሬ በዚያ መኸር ከማንም ጋር ሰላም አልነበሩም። ከልጃቸው ተኮራርፈዋል፤ ነዳጅ የሚያመጣላቸውን ሰውዬ ከበር መልሰውታል። ከእኔ ጋር እንኳ፣ አጥር ተጋርተን ዕድሜ ልክ እየኖርን፣ ሳንጨቃጨቅ አንውልም ነበር። እኔም ብሆን ንዴት ፍለጋ ሩቅ የምሄድ ሰው አይደለሁም።

የጠቡ መነሻ ልጃቸው ማንሶክ ነው። በመኸሩ የሙሉ ጨረቃ በዓል የከተማ ልጆች ሁሉ መኪና ሞልተው ይመጣሉ፤ የአባቶቻቸውን መቃብር ሣር አጭደው፣ በልተው ጠጥተው ይሄዳሉ። ማንሶክ ግን በዚያ ዓመት ግንበኞች ይዞ መጣ። ማዶ ሰፈር አንዲት ሴት በምድጃ ጭስ ታፍና መሞቷን ሰምቶ ኖሯል። እናቱን ለሳምንት ያህል አክስቱ ዘንድ ላካቸው። ሲመለሱ የወጥ ቤቱ ምድጃ አፍ በጡብ ተደፍኗል፤ በአሮጌው ወለል ላይ የሙቅ ውሃ ቱቦ ተዘርግቶ ሲሚንቶ ፈሶበታል፤ ጓሮ የነዳጅ ማሞቂያ ቆሟል።

እኛ ዘንድ የሚተኛውም የሚበላውም ወለል ላይ ነው። የወጥ ቤቱ እሳት ጭስ በወለሉ ሥር ስለሚያልፍ ለምድጃው የቀረበው ጥግ ይግላል፤ ወዲያኛው ጫፍ ቀዝቅዞ ይቀራል። ሙቁ ጥግ የትልቅ ሰው ቦታ ነው። መንገድ ላይ ያለ የቤት ሰው ሲኖር ደግሞ ሩዙ ክዳን ባለው ሳህኑ ሆኖ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ የሚጠብቀው እዚያው ነው።

«ይኸውልሽ እማዬ፣» አለ ማንሶክ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ እያሳየ፣ «ይቺን መጫን ብቻ ነው። ቤቱ ሁሉ እኩል ይሞቃል።»

«ማን እኩል ይሁን አለህ?»

«እንጨቱ ቀረልሽ፣ ጭሱ ቀረልሽ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጥጌን!»

ሳቀ። እናቱ ላይ ሳቀ! ከዚያም እንደ ልማዱ «ቅዳሜ እመጣለሁ» ብሎ መኪናውን አስነሳ።

ይህችን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። በየሳምንቱ በስልክ ይደግማታል። ቅዳሜ ሲደርስ ወይ ስብሰባ አለ፣ ወይ ልጁ ፈተና አለባት፣ ወይ መንገዱ ተጨናንቋል። እንደማይመጣ የማያውቅ የሰፈር ውሻ የለም።

ብርዱ ቀድሞ ገባ። ጣራ ላይ ያሰጣነውን በርበሬ አንድ ጠዋት አመዳይ መትቶት አገኘነው። ሰው ሁሉ የሱፍ ሱሪውን ከሣጥን አወጣ፣ ንፋስ እንዳይገባ የበሩን ወረቀት በአዲስ ለጠፈ፣ ጥቅል ጎመኑን በጨው መዘፍዘፍ ጀመረ። እትዬ ፒልሬ ማሞቂያውን አልከፍትም አሉ። ጥጥ የተሞላ ሰደርያቸውን ደርበው፣ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው በረዶ የሆነ ወለል ላይ ይቀመጣሉ። ገበያ ላይ «ለነዳጁ ሳስተው ነው» ተባለ። እኔም ሳልል አልቀረሁም።

«እትዬ፣ ከንፈርዎ ጠቁሯል! ይክፈቱት እንጂ ይህን ነገር!»

«ከፍቼ አይቼዋለሁ። ለብ ብሎ ይቀራል። ራስጌ የለው፣ ግርጌ የለው።»

«ለብ ያለ ከመንቀጥቀጥ አይሻልም?»

«ለእኔማ ይሻላል። ለእኔ መች አልኩሽ?»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ሂጂ ጎመንሽን እጠቢ!»

በሩን በእግሬ መትቼ ወጣሁ። ለዕልህ ብሎ በብርድ የሚሞት ሰው አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ሳል ያዛቸው። አጥሩን ተሻግሮ እኔ ቤት ይሰማል። አንድ እሑድ ጠዋት አላስችል ሲለኝ ስልኩን አነሳሁና ማንሶክ ላይ ጮኽኩበት። «አንተ! ስብሰባህ ሲያልቅ ለእናትህ ቀብር ትደርሳለህ!»

ቀትር ላይ ደረሰ፤ ከእኔ ብሶ ተናዷል። ትኩስ ሾርባ ይዤ ስገባ ወለሉን በመዳፉ እየደበደበ ነበር።

«ታንከሩ ሙሉ ነው! ማንን ለመቅጣት ነው እንዲህ የምትሆኚው? ሰው ምን ይለኛል?»

«የጨነቀህ እሱ ነው?» አሉ፤ ሳሉ አቋረጣቸው።

«ተነሽ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን!» ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። ለመነሳት ሲንገዳገዱ ከሰደርያቸው ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ወለሉ ላይ ወደቀ። ፎጣው ተፈታ። ክዳን ያለው የነሐስ ሳህን ነው። ክዳኑ ተንከባሎ ሄደ፤ ነጭ ሩዝ ሲሚንቶው ላይ ተበተነ።

ማንሶክ ሳህኑን አወቀው። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚበላበት ነው።

«ይህ ምንድን ነው፣ እማዬ?»

«ቅዳሜ እመጣለሁ አላልክም? ትናንት ምን ነበር?»

«እና... ማታውን ሙሉ ታቅፈሽው...» ድምፁ ወረደ። «የኤሌክትሪኩ ድስት ውስጥ እንደሞቀ አታቆዪልኝም ነበር?»

«ድስት ውስጥ ያለ ሩዝ የማንም ነው፤ የፈለገ ይጨልፈዋል። የሚመጣ ሰው የራሱ ሳህን አለው።» በመዳፋቸው ወለሉን መቱት። «የማስቀምጥበትን ጥግ ደፈንክብኝ። ከእኔ ሌላ የሚሞቅ ነገር የታለ እዚህ ቤት?»

ተንበርክኮ የተበተነውን መልቀም ጀመረ።

«ተወው። የቀረውን ብላ።»

በላ። እንባው ሳህኑ ውስጥ እየገባ በላ። አላዘንኩለትም፤ ሾርባውን አናቱ ላይ ባፈስበት ደስ ባለኝ።

ሐኪም ቤት ወስዶ መድኃኒት አስይዞ ከመለሳቸው በኋላ መዶሻ ተዋሰኝ። ጡቡን አፈረሰ፤ ጣራ ወጥቶ የጭስ ማውጫውን ጥቀርሻ ጠረገ፤ እንጨት ፈልጦ ከመረ። እሳቱ ሲያያዝ ፊቱ በጥላሸት ጠቁሮ እናቱን ለመሰናበት ጎንበስ አለ።

«በይ እማዬ፣ ቅዳሜ እመ...»

ማንኪያ ወረወሩበት። «ቀን አትጥራብኝ! ስትመጣ ና!»

ቃሉን ሳይጨርስ መኪናውን አስነሳ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በአጥሩ አሻግሬ፣ ገርበብ ባለው በራቸው አየሁ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እትዬ ፒልሬ የነሐሱን ሳህን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሙቁ ጥግ ላይ አስቀምጠውታል፤ ራሳቸው ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ፈቀቅ ብለዋል።

«ዛሬ እኮ ቀን አልጠራም፣» አልኳቸው።

«ዝም በይ፣ መኪና እንዳይሰማኝ ታደርጊያለሽ።»

ወደ ቤቴ ገባሁ። መንገዱ የሚሰማው በእኔ በኩል ነው። ብርዱ እየገባ የቤቴን በር ከፍቼ፣ ማንሶክን እየተራገምኩ ተቀመጥኩ።