ልጄን ያላስኩት ቅቤ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎችም። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነውና ጽሑፌ ቢጎረብጣችሁ ቻሉት።

ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ።

በሰባት ወሩ ተወለደ። ከገጠራችን ከሆመቾ ወደ ሆሳዕና አመጣነውና ሆስፒታል ማሞቂያ ውስጥ ከረመ። ትንሽ ነፍስ ሲዘራ አንጀቱ በብሽሽቱ ወጥቶ ተቀረቀረ፤ ቀዶ ጥገና ታዘዘለት። ማደንዘዣ የምትሰጠው ወጣት ሴት ነበረች።

«አባት፣ ምንም እንዳይቀምስ። ተኝቶ ካስመለሰ ሳንባው ውስጥ ይገባል። የሱ ሳንባ ደግሞ ገና ነው።»

ይቺ ትናንት የተወለደች እኔን ልታስተምር? የበሬ ነጋዴ ነበርኩ፤ ጥርስ አይቼ ዕድሜ የምናገር ጉረኛ! እናቴ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ቅቤ ልካለች። እኛ ዘንድ አዲስ የተወለደ ሕፃን ቅቤ ይልሳል፤ ጉሮሮው ይከፈታል ይባላል። ልጁ በረሃብ አለቀሰ። ነርሷ ዞር ስትል ቅቤ በጣቴ አላስኩት። አንዴ መሰላችሁ? ሦስቴ። ዝም አለ። ኮራሁ።

የማደንዘዣዋ ልጅ ልትወስደው መጣች። «አፉ ምንም አልገባም አይደል?»

«ምን ይገባል? በሬ አርጄ ላብላው?»

ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች። ያንኑ ጣቴን ቀለም አስነክቼ ፈረምኩላት።

ከቀዶ ጥገናው ክፍል ስትወጣ ፊቷ ዐመድ መስሏል። «አባት፣ ቅባት አስመለሰ። በቱቦ ብመጥም አልወጣ አለኝ፤ ልጁ አረፈ። እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ምን ቀምሶ ነበር?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን በሰው ፊት «መድኃኒት አብዝተሽ ገደልሽው!» ብዬ ጮህኩ። ዘመድ ከበባት። ማን ይመናት? ልጅ የሞተብኝ እኔ ነኝ። ከሥራ ታገደች፤ ኋላ ከተማውን ለቃ ሄደች ተባለ። «እሰይ!» ያልኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ለቅሶ ደርሰው «የጌታ ፈቃድ ነው» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ፈቃዱ የኔ ነበር።

ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር ልበል? በአማርኛም በሃዲይኛም ነግራኛለች እኮ! ጆሮ ነበረኝ። አላዋቂ አልነበርኩም፤ ንቀት የነፋኝ ፈሪ ነበርኩ። ዛሬም ነኝ።

ይቅርታችሁን አልፈልግም። ይቅር የሚለኝ ካለ እሱንም እንቀዋለሁ። ልጄም፣ ያቺ ሴትም የእናንተ አይደሉምና በእነሱ ፈንታ ይቅር አትሉኝም።

ባለቤቴ በጸለየች ቁጥር «ጌታ ሆይ፣ በዚያች ሴት ፍረድባት» ትላለች። እኔ ከጎኗ ተንበርክኬ «አሜን» እላለሁ። ዛሬ ጠዋትም ብያለሁ።