ላስቲክ የታሰረባት ደወል

ጭምት ይሏታል ቤተሰቦቿ፤ ስትስቅ እንኳ አፏን በእጇ ሸፍና ነው። ለትምህርት ባሕር ተሻግራ የተማሪዎች ሕንፃ በገባች ሳምንት ግን ሰዉን ሁሉ ያተራመሰችው እሷው ሆነች። እንደ እናቷ ሽንኩርት ያለ ዘይት ላቁላላ ብላ ድስት ጣደች። የኩሽናው ጣሪያ ላይ ያለችው የጭስ ደወል አምባረቀች፤ ተማሪው ሁሉ በነጠላ ጫማ ደጅ ወጣ። የሕንፃው ኃላፊ ጣቱን ቀስሮ፣ "ይሄ ነገር ከተደገመ ክፍልሽን ታስረክቢያለሽ" አላት። በዚያ አገር ሌላ ማደሪያም፣ የሚያስጠጋ ዘመድም የላትም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ውሃ ስታፈላ እንኳ ቀና ብላ ደወሏን ትሰልላለች። ደረቅ ዳቦ በቀዝቃዛ ወተት እያወራረደች ከረመች፤ ቀሚሷ ሰፋት። እናቷ በስልክ "በላሽ ወይ?" ስትላት፣ "በልቻለሁ፣ እማዬ" ትላለች። ውሸቷን ነው።

ረሃብ መቼም ብልሃት አያጣም። አንድ ቀን ወንበር ላይ ወጥታ ደወሏን በላስቲክ ሸፍና አሰረቻት። ሽንኩርቱ እንደ ልቡ ጨሰ፤ እሷም ጠገበች። ከኩሽናው አጠገብ የምትኖረው፣ እታለም የምትላት ያገሯ ልጅ ግን ነገሩ አልጣማትም። እታለም ሌሊት ልብስ ማጠቢያ ቤት ስትሠራ ታድርና ቀን ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ትተኛለች።

"አንቺ ልጅ፣ ይቺን ለጌጥ የሰቀሏት መሰለሽ?"

"ስሞትልሽ እታለምዬ፣ ፈተናው እስኪያልፍ ብቻ!"

የፈተናው ዋዜማ ጠዋት መማሪያ ክፍል ተቀምጣ አገጯን በእጇ ብትደግፍ፣ ከእጅጌዋ የሽንኩርት ሽታ መጣ። ክው አለች። ማለዳ የጣደችውን ሽንኩርት ቀስ እያለ ይብሰል ብላ እሳቱን አለስልሳ ትታው ነበር፤ አላጠፋችውም። እታለም ደግሞ ተኝታለች።

ደብተሯን ጥላ ሮጠች። መንገዱን ሙሉ ጆሮዋን አቁማ ያን ጩኸት ፈለገች። ያን ያህል የፈራችውን ድምፅ አሁን ተሳለችለት። ሕንፃው ግን ጸጥ ብሏል፤ እንደዚያ ጸጥታ ያስፈራት ነገር የለም።

ፎቅ ላይ ስትደርስ ኮሪደሩን ጭስ ሞልቶታል። ከሰል የሆነውን ድስት ከእሳቱ አነሳች፣ ምድጃውን አጠፋች፣ የእታለምን በር ደበደበች።

"እታለም! ኧረ እታለም፣ ተነሺ!"

የጆሮዋ ጥጥ ጥሪውን አላሳለፈም። ወደ ኩሽናው ተመለሰች። ወንበር ጎትታ ወጣችና ላስቲኩን ቦጨቀችው።

ደወሏ አምባረቀች፤ የየክፍሉም ደወል ተቀብሎ ጮኸ። በሩ ተከፈተና እታለም እየሳለች ወጥታ ትከሻዋ ላይ ወደቀች። ተደጋግፈው ወረዱ።

ደጅ ላይ ኃላፊው "ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ። ላስቲኩንም ያሰርኩት እኔ ነኝ።"

እጁን ዘረጋ። ቁልፏን ሰጠችው።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት።

"በላሽ ወይ፣ ልጄ?"

"አልበላሁም፣ እማዬ።"