ሰሊጡ ሳይሸጥ

ራፐር ነበርኩ ስል የሚያምነኝ ሰው የለም። ዛሬ ለሚያየኝ ሰው ጎንደር ውስጥ ቢሮ የምገባ፣ ስልክ ሳነሳ እንኳ ድምፄን ዝቅ የማደርግ ሴት ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ግን ከመተማ ዮሐንስ ልጆች ሁሉ ፈጥኜ የምናገር እኔ ነበርኩ፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምን ነበር።

ሁለት ነበርን። ጓደኛዬ በአባቷ ሞባይል ሱቅ ውስጥ እየዋለች ያደገች፣ የሱቁን ላፕቶፕ እንደ ግል ንብረቷ የምታዝበት ልጅ ነበረች። ቢቱን የምትሠራው እሷ፣ ግጥሙን የምጽፈውና የምለው እኔ። የመጀመሪያዎቹ ግጥሞቼ ስለ ብርድ፣ ስለ ዝናብና ስለ ፎቅ ነበሩ። ብርድ የሚባል ነገር ነክቶኝ አያውቅም፤ ፎቅም ቢሆን በስልክ ካየሁት ሌላ የማውቀው አልነበረም። ጓደኛዬ ሰምታ ሰምታ አንድ ቀን፣ "ይኼን ብርድ ከየት አመጣሽው? እኛ እኮ ያለን ላብ ነው" አለችኝ። ተቀየምኳት። ጥቂት ቀን ካኮረፍኩ በኋላ ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

መተማ ላይ ፀሐይ አናት ላይ ተቀምጣ፣
ጥላ የሚያከራይ ሰው ምነው በመጣ።

"ታማም" አለች ጓደኛዬ። ደስ ሲላት ከሱዳን ድንበር የለመድነው አረብኛ ይቀድማት ነበር።

ግጥሙ ተገኘ፣ መቅጃ ቦታ ግን ጠፋ። እኛ ቤት ቬንትሌተሩ ይጮሃል፤ ከተዘጋ ደግሞ ሰው ይቀቀላል። እነሱ ቤት ባጃጁ፣ የጎረቤቱ ጄኔሬተር፣ ወደ ጉምሩክ የሚያልፈው የጭነት መኪና ጡሩምባ፣ ሁሉም ዘፈናችን ውስጥ ድርሻ ይፈልጋል። ትምህርት ቤት ባዶ ክፍል ገብተን ስንሞክር ደግሞ ድምፄ ከቆርቆሮው ጋር እየተላተመ ስለሚመለስ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃ እርዳታ የምትለምን ሴት እመስላለሁ።

መፍትሔው የተገኘው አባቴ መጋዘን ውስጥ ነው። አባቴ ኮኪት አጠገብ ሰሊጥ ያርሱ ነበር። ምርቱ ሲገባ ከግቢያችን ጀርባ ባለው መጋዘን በጆንያ በጆንያ ይደረደርና ጥሩ ዋጋ እስኪመጣ ይቀመጣል። ኅዳር ላይ ጓደኛዬን ይዤ የሆነ ዕቃ ልፈልግ ገባሁ። በጆንያዎቹ መካከል ዘልቀን ስንገባ የመንገዱ ጩኸት ቆመ። ጮክ ብዬ ስሟን ጠራሁ፤ ድምፄ ከአፌ ወጥቶ እዚያው ጆንያው ውስጥ ቀረ። ተያየን። ጆንያውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና፣ "ስቱዲዮ ማለት ይኼ ነው" አለች።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት መልስ ሌላ ሥራ አልነበረንም። የመጋዘኑ ሙቀት ለጠላት አይስጥ፤ ብናኙ ያስነጥሳል፣ ላቤ ግጥሙን ከወረቀቱ ላይ ያጥበዋል። ድምፄ ግን ያምር ነበር። እናቴ "የምታጠኑበት ቦታ አጣችሁ?" ስትለን "እዚያ ጸጥታ አለ" እንላታለን፤ ውሸትም አልነበረም።

ችግሩ፣ ግድግዳችን የሚሸጥ መሆኑ ነው። ዋጋ ከጨመረ መኪና ይመጣል፤ መኪና ከመጣ ስቱዲዮአችን ተጭኖ ይሄዳል። ሁለት ቨርስ ጨርሰን ሦስተኛው ሲቀረን ጭራሽ መብራት በየቀኑ ይጠፋ ጀመር፤ ያ ላፕቶፕ ደግሞ ያለ መብራት ብዙ አይቆይም። ስለዚህ በየማታው አባቴ ከጎንደር ነጋዴ ጋር በስልክ ተነጋግረው እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ።

"ዛሬስ እንዴት ዋለ አባ?"

"ወረደ፣ ልጄ።"

የእሳቸው ፊት ሲጠቁር የእኔ ይበራል። በዚያ ሁሉ ቆላ የሰሊጥ ዋጋ እንዳይጨምር የምትጸልይ የገበሬ ልጅ መቼም እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አባቴ የገባቸው ግን ሌላ ነው። ልጃቸው በየቀኑ ዋጋ ትጠይቃለች፤ የትናንቱን ታስታውሳለች፤ አምና በዚህ ጊዜ እንዴት ነበር ትላለች። እናቴን "ይቺ ልጅ ነጋዴ ልትወጣልኝ ነው" ሲሏት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ሳልጠይቃቸውም ያስረዱኝ ጀመር፦ የሱዳን ሰሊጥ በብዛት ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ ገና ሲቃረብ ገንዘብ የፈለገ ሁሉ መጋዘኑን ከፍቶ ዋጋውን እንዴት እንደሚጥለው። ሳልፈልግ ተማርኩ። ትንሽ ትንሽም ወደድኩት፤ ይኼን ግን ለጓደኛዬ አልነገርኳትም።

አንድ ዓርብ አመሻሹ ላይ ስልካቸውን ዘግተው፣ ግቢው ውስጥ ኒም ዛፉ ሥር ካለው የገመድ አልጋ ላይ ሆነው ጠሩኝ።

"ሰውየው ዛሬ ጥሩ ዋጋ ሰጠኝ። ጧት መኪና ልላክ ይላል። እኔ ደግሞ ትንሽ ብታገሥ ይጨምር ይሆን እላለሁ። እስቲ አንቺ ምን ትያለሽ?"

አባቴ በዕድሜያቸው ሰው አማክረው የሚያውቁ አይመስለኝም። "ይጠብቁ" ብል ያበቃ ነበር፤ ጥቂት ቀን ባገኝ ሦስተኛውን ቨርስ እጨርሳለሁ። ግን የገና ነገር ትዝ አለኝ። የዓመት ልፋታቸው ነው፤ የጠየቁኝም አምነውኝ ነው።

"ይሽጡት አባ። ገና ሲቃረብ ይወርዳል።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወዲያው ደወሉ። እኔ ቤት ገብቼ ትራሴ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ ጧት መኪናው በኋላው ገብቶ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ጓደኛዬ ላፕቶፑን በሻርፗ ጠቅልላ እየሮጠች ደረሰች። አባቴ ውጭ መኪናው ጋ ሆነው ጆንያ ይቆጥራሉ፤ ጫኞቹ ከበሩ ጀምረው ሲያነሱ እኛ ወደ ጀርባው ሸሸን። ጆንያ ተሸክመው ወደ መኪናው ሲወጡ ሁለት መስመር እንቀዳለን፤ ሲመለሱ ዝም እንላለን፤ ሲወጡ ደግሞ ሁለት መስመር። መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ኋላ ላይ አንደኛው፣ "ቶሎ በሉ ልጆች፣ ይቺን ረድፍ ልናነሳት ነው" እያለ ያስጠነቅቀን ጀመር። ረፋዱ ላይ ግድግዳችን ወገቤ ጋ ደረሰ፣ ከዚያም ጉልበቴ ጋ። የመጨረሻውን መስመር ያልኩት ባዶ መጋዘን መካከል ቆሜ ነው። "ኻላስ" አለች ጓደኛዬ፣ ላፕቶፑን ዘጋችና ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተዘረርን።

ዘፈኑን ለሚሰማው ሰው፣ ሦስተኛው ቨርስ ሲጀምር ጆሮው ሥር ነኝ። እየቆየ ድምፄ ይርቃል፣ ይሰፋል፤ መጨረሻው ላይ ከጣሪያው እየተመለሰ ያስተጋባል። ጓደኛዬ እነሱ ሱቅ መጥቶ ፍላሹ ላይ ዘፈን ለሚያስጭን የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ሳይጠይቃት የእኛንም ትጨምርለት ነበር። ከተማው በዘፈናችን ተናወጠ ባልልም፣ ባጃጅ ተሳፍሬ ራሴን ሰምቼ አውቃለሁ። አንድ ሹፌር፣ "ይኼ መጨረሻው ላይ ያለው ኢኮ ጎንደር ነው የተሠራው፤ እዚህ መሣሪያው የለም" ብሎ ሲያስረዳን ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ገና ሲቃረብ ዋጋው እንዳልኩት ወረደ። አባቴ ባገኙት ሰው ፊት ሁሉ ስለ እኔ ሲያወሩ ሰነበቱ። ዘፈኑን የሰሙትም በዚያው ሰሞን ባጃጅ ውስጥ ነው። ያወቁት ደግሞ በእኔ ድምፅ ሳይሆን በራሳቸው ነው፤ በሁለት መስመር መካከል፣ "ቀስ በሉ፣ ጆንያው እንዳይቀደድ" የሚል ቁጣቸው ገብቶ ቀርቷል። ቤት እንደደረሱ ስልኬን ተቀበሉኝና፣ ሰው እንደሚያናግሩ ሁሉ ጆሯቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

"ማን እያሳደደሽ ነው እንዲህ የምትሮጪ?" አሉ መጀመሪያ። ቀጥለው፣ "መቼ ነው የጀመራችሁት?"

"ሰሊጡ እንደገባ።"

የየማታው ጥያቄዬ ቀስ እያለ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት።

"እኔ እኮ ነጋዴ ወጣችልኝ ብዬ..." አሉ። የምገባበት ጠፋኝ። "ታዲያ ሳትጨርሱት ለምን ይሽጡት አልሽኝ?"

"ዋጋው ጥሩ ነበራ።"

ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

በዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እዚያ ራፕ የሚያደርገው ብዙ፣ የሚበልጠኝም ብዙ ነበር፤ ሳይታወቀኝ ተውኩት። ጥር ላይ ለእረፍት ስመለስ አባቴ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ የመጋዘኑን ቁልፍ አንስተው "ነይ" አሉኝ። የዘንድሮው ሰሊጥ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። መካከሉ ላይ ግን ሁለት ሰው የሚያስቆም ክፍት ቦታ ነበር፣ ዙሪያውን በጆንያ የታጠረ።

"ጫኞቹ ቦታ አባከኑ ብለው ተጨቃጨቁኝ። ሰሊጡ ይተንፍስ አልኳቸው።"

"እስካሁን አልሸጡም እንዴ አባ? ገና እኮ አልፏል።"

"ከገና በፊትማ ጥሩ ሰጥተውኝ ነበር" አሉ፣ ቁልፉን እያገላበጡ። "እስክትመጪ ብዬ ተውኩት።"

ራፕ መተዌን ልነግራቸው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ለጓደኛዬ ደወልኩላት፤ ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጋ እንድትመጣ።